ቤዝቦል የሚጫወት ልጃችሁ የኮሌጅ አሰልጣኞች ዓይን ውስጥ እንዲገባ፦ ከ9ኛ ክፍል እስከ ፊርማ

በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ወላጆች ደውለውልኛል። ሦስቱም አሜሪካ የሚኖሩ አበሾች ናቸው። የሦስቱም ልጆች 12ኛ ክፍል ደርሰዋል፣ ሦስቱም ጎበዝ ተጫዋቾች ናቸው፣ አንዳቸውንም ግን የጠራ ኮሌጅ የለም። ጥያቄያቸውም አንድ ነበር፦ «ልጁ በደንብ ይጫወታል፤ ታዲያ ለምንድነው ሊያዩት የማይመጡት?»

አይመጡም። የሃይስኩል ቤዝቦል የሚካሄደው በስፕሪንግ ነው፤ ኮሌጆቹም የሚጫወቱት በዚያው በስፕሪንግ ነው። ልጃችሁ ማክሰኞ ከሰዓት ሜዳ ላይ ሲሆን የኮሌጁ አሰልጣኝም የራሱን ቡድን እያጫወተ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሠራም። ልጁ ራሱ አሰልጣኞቹ ዘንድ መድረስ አለበት፤ በቪዲዮ፣ በቁጥር፣ በኢሜይል፣ ከዚያም በአካል። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ አደራ። እኔም ከልጄ ጋር ቅደም ተከተሉን አዛብቼ አንድ ሙሉ ሰመርና ብዙ ገንዘብ አቃጥያለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ቀኖቹን ፍሪጅ ላይ ለጥፉ

የኮሌጅ አሰልጣኝ ልጃችሁን መቼ ማነጋገር እንደሚችል በሕግ ተወስኗል። ኤንሲኤኤ የሚባለው ድርጅት ኮሌጆችን በሦስት ዲቪዥን ይከፍላል። ሕጉም እንደ ዲቪዥኑ ይለያያል።

- ዲቪዥን ዋን፦ ልጁ 10ኛን ጨርሶ 11ኛ ሊጀምር ሲል፣ ከኦገስት 1 ጀምሮ። ከዚያ በፊት አሰልጣኙ ስለ ምልመላ ኢሜይል መመለስም፣ መደወልም፣ ቴክስት መላክም አይችልም።
- ዲቪዥን ቱ፦ በዚያው ሰመር፣ ከጁን 15 ጀምሮ።
- ዲቪዥን ስሪ፣ ኤንኤአይኤ (ከኤንሲኤኤ ውጪ ያሉ፣ አብዛኞቹ ትንንሽ የሆኑ ኮሌጆች ማኅበር)፣ ጁኮ የሚባሉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች፦ በጣም ላላ ያለ ነው፤ ቀደም ብለውም ይጽፋሉ።

ሶፍትቦል የምትጫወት ልጅ ላላችሁ፣ የዲቪዥን ዋኑ ቀን ሴፕቴምበር 1 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ልጁ 10ኛ ክፍል ሳለ ለዲቪዥን ዋን አሰልጣኝ ይጽፋል፤ መልስ የለም። «አልፈለጉኝም» ብሎ ያቆማል። አሰልጣኙ ግን መመለስ ስላልተፈቀደለት ነው ዝም ያለው። ማንበብ ይችላል፣ ቪዲዮውን ማየት ይችላል፣ ሜዳ መጥቶ ዳር ቆሞ መመልከትም ይችላል። ከኦገስት 1 በፊት ዝም ማለቱ «አይሆንም» ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያ ጊዜ መላክ የሚፈቀድለት የካምፕ ማስታወቂያና የመጠይቅ ፎርም ስለሆነ፣ እሱ ሲደርሳችሁ «ልጄን መረጡት» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ለብዙ መቶ ልጆች ነው የሚላከው።

ደረጃ 1፦ የትምህርቱን ወረቀት አስተካክሉ (ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ)

ብዙዎቻችሁ ከቪዲዮው መጀመር እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። አይሆንም። አሰልጣኙ ልጁን ቢወደው እንኳ ወረቀቱ ካልሞላ ሊወስደው አይችልም። አሰልጣኝ ለ10 ደቂቃ ኳሱን ካየ በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቀውም ጂፒኤውን ነው።

1. ለዲቪዥን ዋንና ቱ ልጁ 16 ኮር ኮርሶች (እንደ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ያሉ ዋና ዋና ትምህርቶች) መጨረስ አለበት። በእነዚህ ኮርሶች ላይ የሚፈለገው ጂፒኤ ለዲቪዥን ዋን 2.3፣ ለዲቪዥን ቱ 2.2 ነው። ልብ በሉ፣ ጠቅላላው ጂፒኤ አይደለም፤ የኮር ኮርሶቹ ብቻ ነው። ስፖርትና ሥዕል አይገቡበትም።

2. ለዲቪዥን ዋን ደግሞ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት 10ሩ ማለቅ አለባቸው። ከ10ሩ 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ይሁኑ። 12ኛ ክፍል ገብቶ «አሁን እሞላለሁ» ማለት እዚህ ጋ ይዘጋል።

3. የልጁን ትምህርት ቤት የጸደቁ ኮርሶች ዝርዝር የተጫዋቾችን ብቁነት በሚመረምረው በኤንሲኤኤ ኤሊጅቢሊቲ ሴንተር ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። የወሰደውን እያንዳንዱን ኮርስ ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ። ከካውንስለሩም ጋር ቀጠሮ ያዙ፤ ልጁም አብሮ ይግባ።

4. ነፃ የምሳ ፕሮግራም ውስጥ ያለ ልጅ የኤሊጅቢሊቲ ሴንተሩን ክፍያ ማስቀረት ይችላል። ካውንስለሩን ጠይቁት፤ ማፈር አያስፈልግም።

SAT እና ACT የሚባሉት ፈተናዎች ከ2023 ጀምሮ ለኤንሲኤኤ ብቁነት መስፈርት መሆናቸው ቀርቷል። ኮሌጁ ራሱ ግን ለመግቢያ ወይም ለአካዳሚክ ስኮላርሺፕ ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለዚህ ይፈተን።

*ከኢትዮጵያ መጥተው ሃይስኩል ለገቡ ልጆች።* ይህን ክፍል ሁለቴ አንብቡት። ልጁ 9ኛን አዲስ አበባ ተምሮ ከመጣ፣ የ9ኛ ክፍሉ ትራንስክሪፕት ከዚያ መምጣት አለበት። በአማርኛ የተጻፈ ከሆነ ኦሪጅናሉም የተረጋገጠ ትርጉሙም ይፈለጋል። ዛሬውኑ ወደ አገር ቤት ደውላችሁ የሚጉላላልላችሁ ዘመድ ፈልጉ፤ ወረቀቱ በአንድ ሳምንት አይደርስም። ሁለተኛ፣ ለጀማሪዎች የሚሰጡት የእንግሊዝኛ ኮርሶች ብዙውን ጊዜ እንደ ኮር ኮርስ አይቆጠሩም። ልጁ «እንግሊዝኛ ኤ አመጣሁ» ሲላችሁ የትኛውን እንግሊዝኛ እንደሆነ ጠይቁ። ሦስተኛው የባሰ ነው። ብዙ ልጆች ሲመጡ አንድ ክፍል ዝቅ ብለው እንዲጀምሩ ይደረጋል። የዲቪዥን ዋን ሰዓት ግን መቁጠር የሚጀምረው ልጁ መጀመሪያ 9ኛ ክፍል ከገባበት ቀን ነው፤ እዚህም ይሁን እዚያ። ኮር ኮርሶቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ማለቅ አለባቸው። ልጁ 9ኛን ሁለቴ ከተማረ ለኤሊጅቢሊቲ ሴንተሩ ቀድማችሁ ጻፉና በጽሑፍ መልስ አግኙ።

ደረጃ 2፦ ቁጥሮቹን በሐቅ ለኩ

የቤዝቦል አሰልጣኝ «ጎበዝ ነው» የሚል ቃል አይገባውም። ቁጥር ነው የሚገባው። ለእያንዳንዱ ቦታ የሚፈለገው ይህ ነው፦

- ፒቸር፦ የፈጣን ኳሱ ፍጥነት በማይል በሰዓት፣ በራዳር ጋን የተለካ።
- ካቸር፦ ፖፕ ታይም፤ ኳሱ ጓንቱን ከነካበት እስከ ሰከንድ ቤዝ የሚደርስበት ሰከንድ።
- ኢንፊልደርና አውትፊልደር፦ የ60 ያርድ ሩጫ ሰዓት፣ የውርወራ ፍጥነት።
- ሁሉም መቺዎች፦ ኤግዚት ቬሎሲቲ፤ ኳሱ ከዱላው የሚወጣበት ፍጥነት።

በግምት ለመናገር፣ ዲቪዥን ዋን የሚፈልገው ቀኝ እጅ ፒቸር 87 እና 88 አካባቢና ከዚያ በላይ የሚወረውር ነው። ዲቪዥን ስሪ ላይ ከ80 እስከ 85 የሚወረውርና ኳሱን የፈለገው ቦታ የሚያስቀምጥ ልጅ ቦታ ያገኛል። ግራ እጅ ከሆነ ትንሽ ዝቅ ቢልም ያዩታል። ለካቸር 2.0 ሰከንድና ከዚያ በታች ከሆነ ብዙ በር ይከፈታል። 60 ያርዱን በ6.8 ወይም ከዚያ በታች የሚሮጥ አውትፊልደር ይታያል፤ 7.2 የሚሮጥ ከሆነ ዱላው ጠንካራ መሆን አለበት።

አለካኩ ላይ ተጠንቀቁ። አባት በስልኩ ይዞት የሚለካው የ60 ያርድ ሰዓት ሁልጊዜ ፈጣን ነው። (ፍቅር ጣትን ያፈጥናል።) ባልተረጋገጠ ቁጥር ልጁን አትላኩት። ኢሜይሉ ላይ 86 ብሎ ጽፎ ካምፑ ላይ 81 ከወረወረ፣ አሰልጣኙ የሚያስታውሰው 81ን ብቻ ሳይሆን መዋሸቱንም ነው።

*ቁጥሩ ዝቅ ካለ።* 10ኛ ክፍል ላይ ከሆነ ጊዜ አለ። ለአንድ ክረምት ክብደት ማንሳትና መብላት ብዙ ይለውጣል። 12ኛ ክፍል መግቢያ ላይ ከሆነ ደግሞ ዒላማውን ቀይሩ፤ ይህን ደረጃ 4 ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 3፦ ቪዲዮውን ቅረጹ

ለቪዲዮ ድርጅት ብር አትክፈሉ። ስልክና ባለሦስት እግር ማቆሚያ ይበቃል።

1. ስልኩን አግድም ያዙ። ቁም የተቀረጸ ቪዲዮ ግማሹን ይቆርጠዋል።

2. መጀመሪያ ላይ ለአምስት ሰከንድ ጽሑፍ ይታይ፦ ስም፣ የሚመረቅበት ዓመት፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ቦታ፣ በየትኛው እጅ እንደሚመታና እንደሚወረውር፣ ጂፒኤ፣ ትምህርት ቤት፣ ኢሜይል። የቤት አድራሻ በፍጹም አትጻፉ።

3. ቦታ በቦታ ቅረጹ።
   - መቺ፦ ስድስት ምት ከጎን፣ ደረቱ በሚታይበት በኩል፤ ስድስት ምት ደግሞ ከኋላ። ኳሱ የት እንደሄደ ይታይ።
   - ፒቸር፦ ከካቸሩ ኋላና ከጎን። እያንዳንዱን የኳስ ዓይነት በየተራ ያሳይ፤ የራዳሩ ቁጥር ፍሬሙ ውስጥ ቢገባ ደግሞ የተሻለ ነው።
   - ካቸር፦ አራት ወይም አምስት ውርወራ ወደ ሰከንድ ቤዝ፣ ሳይቆረጥ። ከዚያ ኳስ ሲቀበልና ሲመክት።
   - ኢንፊልደር፦ ፊት ለፊት፣ በቀኝ፣ በግራ የሚመጣ ኳስ፣ ቀስ ብሎ የሚንከባለል ኳስ። ኳሱን ሲያነሳ ብቻ አትቁረጡት። ውርወራው ፈርስት ቤዝ እስኪደርስ ድረስ ይታይ፤ አሰልጣኙ የእጁን ጉልበት የሚያየው እዚያ ላይ ነው።

4. መጨረሻ ላይ ከእውነተኛ ጨዋታ ጥቂት ምቶች ወይም ውርወራዎች ጨምሩ።

5. ጠቅላላው ከሦስት ደቂቃ አይለፍ። ምርጡ መጀመሪያ ይምጣ፤ ብዙ አሰልጣኞች 30 ሰከንድ አይተው ነው የሚወስኑት።

6. ሙዚቃ አትጨምሩ። የዱላው ድምፅ ራሱ ይነግራቸዋል።

ዩቲዩብ ላይ ስትጭኑት «ፕራይቬት» ሳይሆን «አንሊስትድ» አድርጉት። ፕራይቬት ከሆነ አሰልጣኙ ሊንኩን ሲነካ አይከፈትለትም፤ ተመልሶም አይጠይቃችሁም። የልጄ የመጀመሪያዎቹ 22 ኢሜይሎች የሄዱት ከማይከፈት ሊንክ ጋር ነበር። ከመላካችሁ በፊት ሊንኩን በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት።

ደረጃ 4፦ የኮሌጆቹን ዝርዝር አውጡ

አበሻ ወላጅ የሚያውቀው የኮሌጅ ስም ጥቂት ነው። ሁሉም ሰው ደግሞ ለእነዚያው ይጽፋል። ዝርዝሩ ከ30 እስከ 40 ኮሌጅ ይሁን፤ በሦስት ረድፍ ክፈሉት፦ የሚያስመኝ፣ የሚመጥን፣ ብዙም የማያሳስብ። ትልቁ ረድፍ መካከለኛው ይሁን።

አንድ ኮሌጅ ለልጁ እንደሚመጥን እንዴት ይታወቃል? የቡድኑን ድረ ገጽ ክፈቱና የተጫዋቾቹን ዝርዝር እዩ። የልጃችሁን ቦታ የሚጫወቱት ስንት ናቸው? ልጁ በሚገባበት ዓመት የሚመረቁት ስንቶቹ ናቸው? ቁመታቸውና ክብደታቸው ስንት ነው? ከየት መጡ፣ ከሃይስኩል ወይስ ከሌላ ኮሌጅ ተዛውረው? ሾርትስቶፕ ቦታ ላይ ሁለት ፍሬሽማን ያለበት ቡድን ሌላ ሾርትስቶፕ አይፈልግም። ይህ ሥራ አንድ ቅዳሜና እሁድ ይፈጃል፤ ከማንኛውም ሾውኬዝ (ልጆች ከፍለው አሰልጣኞች ፊት ችሎታቸውን የሚያሳዩበት ዝግጅት) በላይ ይጠቅማል።

አሁን ስለ ዲቪዥን ዋን እውነቱን ልንገራችሁ። ከ2025 ጀምሮ ኮሌጆች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ የሚፈቅደውን አዲሱን ስምምነት የተቀበሉ የዲቪዥን ዋን ቡድኖች ከ34 ተጫዋች በላይ መያዝ አይችሉም። በዚያ ላይ አሰልጣኞቹ ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወሩ የ21 እና የ22 ዓመት ልጆችን ይመርጣሉ፤ የተሞከሩ ናቸውና። ለ18 ዓመት ልጅ የቀረው ቦታ ጠቧል። ይህ ልጃችሁ አይችልም ማለት አይደለም፤ ዝርዝሩ በዲቪዥን ዋን ብቻ እንዳይሞላ ነው የምላችሁ።

ዲቪዥን ስሪን ዝቅ አድርጋችሁ እንዳታዩ። ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ኤሞሪ፣ ኤምአይቲ ቤዝቦል የሚጫወቱት እዚያ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ደግሞ ሶልስበሪ በ2021፣ ሊንችበርግ በ2023 የዲቪዥን ስሪ ሻምፒዮን ሆነዋል፤ ሁለቱም በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው። የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም፤ በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ የሚሰጡት ግን ብዙ ጊዜ ከዲቪዥን ዋን ግማሽ ስኮላርሺፕ ይበልጣል።

ጁኮም እንዲሁ። የኛ ሰው «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» ሲባል ፊቱን ያዞራል። አልበርት ፑሆልስ ከሜፕል ውድስ፣ ብራይስ ሃርፐር ከሳውዘርን ኔቫዳ ኮሌጅ ነው የወጡት፤ ሁለቱም የሁለት ዓመት ኮሌጅ ቡድኖች ናቸው። ሰውነቱ ገና ላልጠነከረ ልጅ፣ ወይም ኮር ኮርስ ለጎደለበት ልጅ፣ ሁለት ዓመት እዚያ ተጫውቶ መዛወር ትክክለኛው መንገድ ነው።

ደረጃ 5፦ ኢሜይሉን ልጁ ይጻፍ

ልጁ። እናንተ አይደላችሁም። አሰልጣኝ የወላጅ ኢሜይል ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው «ይህ ወላጅ ለአራት ዓመት ሊደውልልኝ ነው» የሚለውን ነው። ጎኑ ቁጭ ብላችሁ አርሙለት፣ ግን በእሱ ስምና በእሱ ቃል ይሂድ።

1. ስሙና የምረቃ ዓመቱ ያለበት ቀላል የኢሜይል አድራሻ ይክፈት። የቪዲዮ ጌም ስም ያለበት አድራሻ አይሆንም።

2. ለዋናው አሰልጣኝ ብቻ አይጻፍ። ድረ ገጹ ላይ ምልመላ የሚመራው ረዳት አሰልጣኝ ማን እንደሆነ ይፈልግ። ኢሜይሉን የሚያነበው እሱ ነው።

3. ርዕሱ ላይ ብዙ ነገር ይናገር፦ የምረቃ ዓመት፣ ቦታ፣ ስም፣ አንድ ቁጥር፣ ጂፒኤ። ለምሳሌ የ2028 ተመራቂ፣ ግራ እጅ ፒቸር፣ 83፣ ጂፒኤ 3.6። «ሰላም አሰልጣኝ» የሚል ርዕስ አይከፈትም።

4. ውስጡ ከስምንት መስመር አይብለጥ። አንደኛ፣ ማን ነው። ሁለተኛ፣ ለምን ይህን ኮሌጅ፤ እውነተኛ ምክንያት ይሁን፤ ሊያጠና የሚፈልገው ትምህርት፣ ወይም ሲጫወቱ ያየው ጨዋታ። ሦስተኛ፣ ቁጥሮቹ፣ የት እንደተለኩም ጭምር። አራተኛ፣ የቪዲዮው ሊንክ። አምስተኛ፣ የሚቀጥሉት ጨዋታዎች ቀን፣ ሰዓት፣ ሜዳና የማሊያ ቁጥር። ስድስተኛ፣ የትራቭል ቡድኑ (ከትምህርት ቤት ውጪ የሚጫወትበት ክለብ) አሰልጣኝ ስልክ፤ አስፈቅዶ።

5. ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ለየብቻ ይላክ። አንድ ኢሜይል ለ30 አሰልጣኝ በአንዴ መላክ ከቆሻሻ ቅርጫት አይዘልም። ኮፒ ሲያደርግም የሌላ ኮሌጅ ስም እንዳይቀር ጮክ ብሎ ያንብበው።

መቼ ይላክ? የ10ኛ ክፍል ስፕሪንግ ላይ ይጀመር። ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ አዲስ ነገር ሲኖር ብቻ፦ አዲስ ፍጥነት፣ አዲስ ቪዲዮ፣ የሰመር የጨዋታ ፕሮግራም። የጨዋታ ፕሮግራሙ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይድረሳቸው። አንዱን ቀን ግን እንዳትረሱ፦ ኦገስት 1 ጠዋት ልጁ አጭር ኢሜይል ለዲቪዥን ዋኖቹ ይላክ። ስልኩንም አብርቶ ይጠብቅ። ድምፅ መልእክቱ የሞላ ስልክ ይዞ የከረመ ልጅ አውቃለሁ።

*መልስ ከሌለ።* ቀኑ ከተፈቀደ በኋላ በሦስት ኢሜይል መልስ ከጠፋ፣ ያንን ኮሌጅ አውጡና ሌላ ተኩ። አትናደዱ። ከ30ው 20ው ካልመለሱ ግን ችግሩ ከሦስት ነገር አንዱ ነው፦ ሊንኩ አይከፈትም፣ ቁጥሩ ለዚያ ደረጃ አይመጥንም፣ ወይም ኢሜይሉ ረጅም ነው። በዚሁ ቅደም ተከተል ፈትሹ። ከዚያ ትራቭል አሰልጣኙን «ልጄ የትኛው ደረጃ ላይ ነው? እንዳትሳሳልኝ» ብላችሁ ጠይቁት።

ደረጃ 6፦ ካምፕና ሾውኬዝ ምረጡ

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሾውኬዝ ብዙ መቶ ዶላር ይፈጃል፤ ሆቴልና ነዳጅ ሲጨመርበት ደግሞ የወር ኪራይ ይሆናል።

መርሁ ቀላል ነው፦ ኢሜይል የመለሰ ወይም ቪዲዮውን ያየ አሰልጣኝ ያለበት ቦታ ሂዱ። ሌላ ቦታ አትሂዱ። ከመክፈላችሁ በፊት ልጁ ለአሰልጣኙ «ካምፓችሁ ላይ ልመዘገብ ነው፤ ለ2028 የእኔን ቦታ እየፈለጋችሁ ነው?» ብሎ ይጻፍ። መልስ መስጠት በሚችልበት ጊዜ ዝም ካለ አትክፈሉ።

ፐርፌክት ጌምና ፕሬፕ ቤዝቦል የሚባሉት ትልልቅ ሾውኬዞች ጥቅማቸው የተረጋገጠ ቁጥር መስጠታቸው ነው። አንዴ በቂ ነው። ቁጥሩ ሳይሻሻል ሁለተኛ መሄድ ትርፍ የለውም።

ማስጠንቀቂያ አንድ። በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ፣ የዲቪዥን ዋን አሰልጣኞች ከግቢያቸው ወጥተው ተጫዋች ማየት አይፈቀድላቸውም። በዚያ ጊዜ «የዲቪዥን ዋን አሰልጣኞች ይገኛሉ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ የኤንሲኤኤን የምልመላ ካሌንደር አመሳክሩ።

ማስጠንቀቂያ ሁለት፣ እጁን ጠብቁ። የሜጀር ሊግ ቤዝቦልና የዩኤስኤ ቤዝቦል መመሪያ ለ15 እና 16 ዓመት ልጅ በቀን ከ95 ውርወራ በላይ አይፈቅድም፤ ለ17 እና 18 ዓመት 105 ነው። የ16 ዓመት ልጅ 76 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። ቅዳሜ ለቡድኑ 80 ወርውሮ እሁድ ሾውኬዝ ላይ ራዳር ፊት ማቆም የልጁን ክርን መስበር ነው። ክርኑን ካመመው ያ ሾውኬዝ ይቅር፤ ገንዘቡም ይቅር። «ትንሽ ነው» ሲላችሁ አትመኑት፤ ልጆች እንዳይወጡ ብለው ይደብቃሉ።

ማስጠንቀቂያ ሦስት። ብዙ ሺህ ዶላር ተቀብሎ «ስኮላርሺፕ እናስገኛለን» የሚል ድርጅት የሚሠራው ከላይ ደረጃ 5 ላይ የጻፍኩትን ነው። አሰልጣኞቹ ደግሞ በጅምላ የሚመጣውን ኢሜይላቸውን ያውቁታል።

ሜዳ ላይ አሰልጣኝ ምን ያያል? ምቱን ብቻ አይደለም። ኳስ ሲያመልጠው ምን ያደርጋል? ከሜዳ ሲወጣ ይሮጣል ወይስ ይጎተታል? ተቀያሪ ሲሆን ጓደኞቹን ያበረታታል? እናቱን እንዴት ነው የሚያናግረው? እናንተም እዚያው ትታያላችሁ። ከአጥሩ ኋላ ለዳኛው የሚጮህ አባት ልጁን ከዝርዝር ሊያስወጣው ይችላል። ውኃ ለማቀበል ካልሆነ ወደ ተጫዋቾቹ መቀመጫ አትጠጉ።

ደረጃ 7፦ ስልኩ ሲጮህ

አሰልጣኝ ሲደውል ስልኩን ልጁ ያንሳ። እኛ ልጆቻችንን ታላቅ ፊት ዝም በሉ ብለን ነው የምናሳድገው። አሜሪካዊ አሰልጣኝ ግን ዝም የሚልን ልጅ ፍላጎት እንደሌለው ይቆጥረዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ተለማመዱ። እናንተ አሰልጣኝ ሁኑ፣ እሱ ይመልስ፣ ዓይን ዓይን እያየ።

ልጁ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች በወረቀት ይኑሩ፦

- በእኔ ዓመት ለዚህ ቦታ ስንት ልጅ ትወስዳላችሁ?
- ለእኔ ቦታ የያዛችሁት አለ ወይስ እያያችሁኝ ነው?
- ቀጥሎ ምን ማየት ትፈልጋላችሁ?
- የምታዩኝ ለየትኛው ዓመት ነው፣ ወዲያው ለመጫወት ወይስ ለመገንባት?

ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። «በጁላይ ሲወረውር እንየው» ካሉ ፍላጎት አለ። «ጥሩ ነው፣ በርታ» ብቻ ካሉ ገና ነው።

ግቢውን ስትጎበኙ እናንተም ሂዱ። የስፖርቱን ጥያቄ ለልጁ ተዉለት፤ የገንዘቡን ጥያቄ እናንተ ያዙት።

ደረጃ 8፦ ገንዘቡንና ፊርማውን መርምሩ

«ስኮላርሺፕ» ሲባል ሁላችንም ሙሉ ይመስለናል። ቤዝቦል ውስጥ ሙሉ በጣም ጥቂት ነው። በዲቪዥን ቱ ለጠቅላላው ቡድን የሚፈቀደው የ9 ስኮላርሺፕ ያህል ነው፣ በኤንኤአይኤ 12፤ ያ ለ30 እና ለ40 ልጅ ይከፋፈላል። አንዱ ሩብ፣ ሌላው የመጽሐፍ ብቻ ያገኛል። ጁኮዎችም የራሳቸው ዲቪዥን አላቸው፤ በጁኮ ዲቪዥን ዋን እስከ 24 ይፈቀዳል፤ ለዚህም ነው ጁኮን አትናቁ ያልኩት።

1. የተነገራችሁን በመቶኛ አትቀበሉ፤ በዶላር ይነገራችሁ። የ40 በመቶ ስኮላርሺፕ ቢሰጣችሁም፣ 70 ሺህ ዶላር በሚያስከፍል ኮሌጅ 42 ሺህ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ።

2. ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለአራት? ቢጎዳስ? በጽሑፍ።

3. በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የወጪ ማስያ ሙሉ። ሁሉም ኮሌጅ በሕግ ሊኖረው ግድ ነው። ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ እንደተከፈተ ሙሉ፤ ብዙውን ጊዜ በኦክቶበር መጀመሪያ ይከፈታል።

4. የቃል ስምምነት አያስርም፤ ልጁንም ኮሌጁንም። ማህበራዊ ገጽ ላይ ፎቶ ለጥፎ «ገባሁ» ማለት ፊርማ አይደለም። ቀድሞ ብሔራዊ የስምምነት ደብዳቤ የሚባል ነበር፤ በኦክቶበር 2024 ቀርቷል። አሁን የሚፈረመው ከኮሌጁ የሚመጣው የገንዘብ ድጋፍ ስምምነት ነው። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚገባው ሰው ያንብብላችሁ፤ በልጁ ትርጉም ብቻ አትፈርሙ፤ ልጁ ቸኩሏል።

5. አሰልጣኙ «እስከ ዓርብ ወስኑ» ቢል ሁለት ሳምንት ጠይቁ። ካልፈቀደ፣ ሌሎቹን ፍላጎት ያሳዩ አሰልጣኞች ልጁ በዚያው ቀን ደውሎ ይጠይቅ፦ «ሌላ ቦታ ቀርቦልኛል፣ እናንተ የት ናችሁ?» ይህ ነውር አይደለም፤ እነሱም ይጠብቁታል።

*12ኛ ክፍል ላይ ደርሶ ምንም ከሌለ።* በዲቪዥን ስሪና በጁኮ ምልመላው እስከ ስፕሪንግ ይቀጥላል። ዝርዝሩን በእነሱ ሙሉና ደረጃ 5ን እንደ አዲስ ጀምሩ፤ በዚህ ጊዜ ልጁ ከኢሜይሉ በተጨማሪ ይደውል። ሌላው መንገድ በትምህርቱ ብቻ ተቀባይነት አግኝቶ ገብቶ፣ ያለ ስኮላርሺፕ ለቡድኑ መሞከር ነው። ከመግባቱ በፊት ግን አሰልጣኙ ለአዲስ ገቢዎች ሙከራ እንደሚያደርግ ያረጋግጥ፤ የማያደርጉ ብዙ ናቸው።

ከፊርማ በኋላ የሚቀር ሥራ

ልጁ ለጻፉለት ሌሎች አሰልጣኞች በሙሉ «ወስኛለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ አጭር ኢሜይል ይላክ። ቤዝቦል ትንሽ መንደር ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መዛወር ቢፈልግ ያንኑ በር ነው የሚያንኳኳው። የ12ኛ ክፍል ውጤቱ እንዳይወርድ ተከታተሉ፤ ከፊርማ በኋላ አንድ ኮር ኮርስ ወድቀው ቦታቸውን ያጡ ልጆች አሉ። በጁን ደግሞ ካውንስለሩ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት ከምረቃ ማረጋገጫው ጋር ለኤሊጅቢሊቲ ሴንተሩ መላኩን ራሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ትምህርት ቤቱ ለሰመር ከተዘጋ በኋላ የሚያነሳው ሰው አታገኙም።